ማኅበራቱ በዝተዋል፤ ንቅናቄው ግን የታለ?

ሒሳብ መርማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ መመርመር ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከደብተሩ ወገን ሆኜ ነው፤ ካዳላሁ ታገሡኝ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስለ ኅብረት ሥራ በተወራ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው አኃዝ ነው። ይህን ያህል ማኅበር ተመዘገበ፣ ይህን ያህል አባል ተገኘ። በዓለም ደረጃም ያው ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት ሦስት ሚሊዮን ገደማ ማኅበራትና ከአንድ ቢሊዮን በላይ አባላት አሉ ይላል። ደስ ይላል። ግን ከዚህ ውስጥ በየዓመቱ ጉባኤ የሚጠራው ስንቱ ነው? ማኅተምና ጠረጴዛ ብቻ ይዞ የቀረውስ? ይህን አኃዙ አይነግረንም።

ሐሳቤን ባጭሩ ልበል። የአንድ አገር የኅብረት ሥራ ንቅናቄ የሚጠነክረው ማኅበራቱ በገዛ ገንዘባቸው አብረው ያቆሟቸው ተቋማት ሲኖሩት ነው። የጋራ ኦዲት። የጋራ ፈንድ። የጋራ ማሠልጠኛ። እንደ ሁኔታው የጋራ ጅምላ ንግድ ወይም ባንክ። እነዚህ ከሌሉ ብዙ ማኅበር አለ እንጂ ንቅናቄ የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ይቋቋማል፣ ለብቻው ይቸገራል፣ ለብቻው ይዘጋል።

የሮችዴልን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1844 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ 28 ሰዎች አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ያልተበረዘ ዕቃ፣ ያልተዛባ ሚዛን፣ ዱቤ የለም፣ ትርፉ ደግሞ ለገዛው ሰው በገዛው ልክ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ትልቁ ዓመት 1863 ነው። ያን ጊዜ በርካታ ማኅበራት ተሰብስበው የራሳቸውን የጅምላ ድርጅት አቋቋሙ። ትንሽ ሱቅ ለብቻው ከጅምላ ነጋዴ ጋር ተከራክሮ የትም አይደርስማ።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ጀርመን ነው። በ1889 የወጣው የኅብረት ሥራ ሕግ ኦዲትን ግዴታ አደረገ። በ1934 ደግሞ እያንዳንዱ ማኅበር የአንድ ኦዲት አድራጊ ፌዴሬሽን አባል እንዲሆን ተደነገገ። መርማሪው የሚመጣው ከማኅበራቱ ከራሳቸው ቤት ነው። ደረሰኝ ብቻ አይቆጥርም። አመራሩ ሥራውን በአግባቡ መርቷል ወይ ብሎም ይጠይቃል። አዲስ ማኅበር ሊመዘገብ ሲልም ሥራው ያዋጣል ወይ የሚለውን አስቀድሞ ያያል። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ከንግድ ድርጅት ዓይነቶች ሁሉ በመክሰር ዝቅተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

እናንተስ? ከየት መጀመር አለበት ትላላችሁ?

ጠርጣራው

ጥሩ ጽፈሃል ወንድሜ፣ ግን ዋናውን ሰው ዘለልከው። መንግሥትን።

በ1904 እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ የኅብረት ሥራ ብድር ማኅበራት ሕግ አወጡ። በዚያ ሕግ «መዝጋቢ» የሚባል ሹም ተፈጠረ። ይመዘግባል፣ ኦዲት ያደርጋል፣ ሲፈልግ ማኅበሩን ያፈርሳል። ያ አሠራር በሌሎቹ ቅኝ ግዛቶችም ተቀዳ። ነፃነት ከመጣ በኋላ ብዙ አገሮች ሹሙን አልነኩትም። እንዲያውም ሥልጣን ጨመሩለት። ማኅበሩ የመንግሥት ግዢ ድርጅት ተቀጥላ ሆነ። ገበሬው አባል ነህ ይባላል። መቼ አባል እንደሆነ ግን እሱ ራሱ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ይጠራና «ሕዝቡ ማኅበሩን እንደ ራሱ ንብረት ለምን አያየውም?» ተብሎ ጥናት ይቀርባል። ባክህ! የራሱ ስላልሆነ ነዋ።

እኔን ብትጠይቀኝ መልሱ አጭር ነው። እጃቸውን ያንሱ። ሌላው በራሱ ይስተካከላል።

ሕግ ነክ

ጠርጣራው፣ ምርመራህ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። «እጃቸውን ያንሱ» የሚለውን ኬንያ ሞክራዋለች።

በ1997 የወጣው የኅብረት ሥራ ሕግ የመንግሥትን ቁጥጥር በአንድ ጊዜ አነሳ። በፊት ሹሙ ሳይፈቅድ ምንም የማይንቀሳቀስበት ቤት በድንገት ጠባቂ አልባ ሆነ። በብዙ ማኅበራት ኮሚቴዎች እንዳሻቸው ተበደሩ፣ ንብረት ሸጡ፣ ምርጫ አላደርግም ያለም ነበር። ማኅበራት እየተሰነጠቁ ብቻቸውን መቆም የማይችሉ ትንንሾች ሆኑ። በ2004 ሕጉ ተሻሻለና የመንግሥት ሥልጣን በከፊል ተመለሰ። በ2008 ደግሞ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የተለየ ሕግ ወጥቶ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ተቋቋመላቸው።

እኔ ከዚህ የምረዳው መንግሥት ሲወጣ ቦታውን የሚረከብ ሰው መኖር እንዳለበት ነው። ተረካቢው ደግሞ የማኅበራቱ የራሳቸው ፌዴሬሽን ካልሆነ ማን ይሆናል? እዚህ ላይ ከሒሳብ መርማሪ ጋር ነኝ።

የሕንዷ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት በ1995 ያደረገችው ይሻለኛል። አሮጌውን ሕግ ሳትሰርዝ ሌላ ሕግ አጠገቡ አወጣች። የመንግሥት ገንዘብ ያልያዘ ማኅበር፣ ወይም የያዘውን የመለሰ፣ በአዲሱ መመዝገብ ይችላል። እዚያ ከገባ በኋላ ደንቡን የሚያወጣውም፣ ኮሚቴውን የሚመርጠውም፣ ሲወድቅ የሚወድቀውም ራሱ ነው። የተዘጋጀ ይገባል፣ ያልተዘጋጀ ይቆያል።

እታለም

እኔ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ተናደድኩ።

ጋሼ ሒሳብ መርማሪ፣ የጋራ ኦዲት ጥሩ ነው ብለዋል። እሺ። የማን ገንዘብ ነው የሚከፍለው? ትልቁ ማኅበር ይከፍላል። የትንሹ ማኅበር ዓመታዊ ትርፍ ግን የአንድ ባለሙያ የወር ደመወዝ ላይሞላ ይችላል። ሌላው ችግር ጊዜው ነው። የኦዲት ሪፖርቱ የሚደርሰን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ገንዘብ ያጎደለው ሰው ከኮሚቴ ወርዷል፣ አንዳንዴም ከከተማ ወጥቷል። ሪፖርቱን ይዘን ማንን እንጠይቅ?

ደግሞ ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሒሳብ መያዝ የሚችል ሰው ማጣት ነው። ጸሐፊዋ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ ናት። ቀን ሌላ ሥራ አላት፣ ማታ ደብተር ትሞላለች። እሷን ልትመረምሩ ስትመጡ ታስፈራሯታላችሁ።

ሒሳብ መርማሪ

እታለም፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። እናስፈራራለን።

ክፍያውን በተመለከተ፦ መዋጮው እኩል መሆን የለበትም። በሀብት ወይም በዓመት ሽያጭ ልክ ይሰላል። ትልቁ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሹ ጥቂት። ትልቁ ለምን ይከፍላል ካልሽኝ፣ አንድ ትንሽ ማኅበር ሲዘረፍ ስሙ የሚጠፋው የሁሉም ስለሆነ ነው። አስቀማጭ ሰው «የእገሌ ማኅበር ከሰረ» አይልም። «ማኅበር ውስጥ ገንዘብ አታስቀምጡ» ነው የሚለው።

የጀርመን የኅብረት ሥራ ባንኮች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጋራ መጠበቂያ አላቸው። አንዱ ሲንገዳገድ ሌሎቹ በመዋጮው ይደግፉታል። በነፃ ግን አይደለም። ቀድመው ገብተው ሒሳቡን ያያሉ፣ አስተዳዳሪ ያስቀይራሉ፣ ካልሆነ ከጎረቤት ማኅበር ጋር ያዋሕዱታል። ከፋዩ ስለሆኑ የመናገር መብት አላቸው። የ2008ቱ ቀውስ ብዙ ባንኮችን ወደ መንግሥት ደጅ ሲልክ እነሱ በራሳቸው ገንዘብ አለፉት።

ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ፣ የዓመት ኦዲት ብቻውን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መፍትሔው የጋራ ሒሳብ ያዥ ነው። አሥር ትንንሽ ማኅበራት አንድ የሠለጠነ ሰው ይቀጥራሉ። እየዞረ በየወሩ መዝገብ ይዘጋል። ያኔ ጸሐፊሽም ማታ ማታ አትጨነቅም፣ እኛም ስንመጣ የምናየው ነገር ይኖራል።

ዳር ተመልካች

አሥር ማኅበር በአንድ ሒሳብ ያዥ ሲስማማ ካየሁ እኔም አባል እሆናለሁ 😄

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ እኔ ለነገሩ አዲስ ነኝ። ጥያቄዬ ሞኝ እንዳይመስልባችሁ።

ማኅበሩ ካተረፈና ካደገ ለምን ወደ አክሲዮን ማኅበር አይለወጥም? ካፒታል እንደ ልብ ይገኛል፣ አባላትም ድርሻቸውን በገበያ ዋጋ ይሸጣሉ። ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ የእኛ ማኅበር በየዓመቱ ከትርፉ ለመጠባበቂያ ይቆርጣል። ስወጣ ያ ገንዘብ አይሰጠኝም አሉኝ። የእኔ አይደለም ማለት ነው? ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሕግ ነክ

አዲስ አባል፣ ጥያቄሽ ሞኝ አይደለም። እንዲያውም ንቅናቄው የሚድንበት ወይም የሚሞትበት ጥያቄ ነው። ትንሽ ላርዝመው።

እንግሊዝ ውስጥ የአባላት ንብረት የሆኑ የቤት መሥሪያ ቁጠባና ብድር ማኅበራት አሉ። አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። በ1986 የወጣ ሕግ አባላት ድምፅ ከሰጡ ወደ አክሲዮን ባንክ መለወጥ ይቻላል አለ። የመጀመሪያው አቢ ናሽናል ነበር፣ በ1989። በ1997 ሃሊፋክስ፣ ኖርዘርን ሮክና ሌሎችም ተከተሉ። አባሉ ፊት የቀረበው ነገር ቀላል ነው፦ እሺ በል፣ አክሲዮን በነፃ ውሰድ። ማን እምቢ ይላል? ለዚሁ ብለው ብቻ በየማኅበሩ ትንሽ ትንሽ ብር አስቀምጠው ድምፅ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ መጡ። ማኅበሩን አይፈልጉትም። የሚፈልጉት መጠባበቂያውን ነው።

ኋላስ? አቢ ናሽናልን በ2004 የስፔኑ ሳንታንደር ገዛው። ኖርዘርን ሮክ በ2007 አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በሩ ላይ ተሰለፉበት፤ በ2008 መንግሥት ወረሰው። ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊም በዚያው ዓመት ተወረሰ። ሃሊፋክስ የገባበት ባንክ በሎይድስ ተጠቀለለ። ያኔ ከተለወጡት ውስጥ ዛሬ ራሱን ችሎ የቆመ አንድም የለም። አልለወጥም ብለው በማኅበርነት የቀሩት ግን፣ እነ ኔሽንዋይድ፣ አሉ።

ካናዳም እንዲሁ። የሳስካችዋን የስንዴ ገበሬዎች ማኅበር በ1996 አክሲዮኑን ገበያ ላይ አወጣ። በኋላ ስሙ ቪቴራ ሆነ። በ2012 ግሌንኮር የሚባለው የሸቀጥ ንግድ ኩባንያ ገዛው። አያቶች በእህላቸው ያቆሙት ጎተራ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። መጠባበቂያው የአንቺ ብቻ አይደለም፣ አዎ። ከአንቺ በፊት የነበሩት ለአንቺ ትተውት ነው ስትገቢ ብድር ያገኘሽው። ጣሊያን ይህን በሕግ ቆልፋዋለች። መጠባበቂያ አይከፋፈልም። አባላት በሙሉ ድምፅ ቢስማሙም አይከፋፈልም። ማኅበሩ ከፈረሰ ዕዳው ይከፈላል፣ የአባላት ዕጣ (ሲገቡ የከፈሉት ድርሻ) ይመለሳል፣ የተረፈው ለኅብረት ሥራ ማስፋፊያ ፈንድ ይገባል። በዚህ ፋንታ መንግሥት ወደ መጠባበቂያ ለሚገባው ትርፍ የግብር ቅናሽ ያደርጋል። ልዋጩ ግልጽ ነው፦ ቆልፍ፣ ቅናሽ ውሰድ።

ከ1992 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ማኅበር ከዓመት ትርፉ 3 በመቶ ለዚሁ ፈንድ ይከፍላል። ፈንዱን የሚያስተዳድሩት የማኅበራቱ ማዕከላት ናቸው። ገንዘቡ አዲስ ማኅበር ለማቋቋምና የተቸገረውን ለማነሣት ይውላል። በ1985 የወጣው የማርኮራ ሕግም አለ። ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ የሥራ አጥነት ክፍያቸውን አስቀድመው ወስደው ፋብሪካውን በኅብረት ሥራ እንዲረከቡ ይረዳል።

እኔን አንድ የሕግ አንቀጽ ብቻ ጻፍ ብትሉኝ የምጽፈው ይህን ነው፦ መጠባበቂያ አይከፋፈልም።

ጠርጣራው

ቆይ ቆይ። ሕግ ነክ፣ እዚህ ጋ ቸኮልክ።

ሁሉንም ከቆለፍከው ሰው ለምን ገንዘቡን እዚያ ያስገባል? ሃያ ዓመት የሠራ አባል ሲወጣ ያገባትን ዕጣ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ዋጋዋን ግሽበት በልቶታል። ትናንት የገባው ሰውዬ ደግሞ በሱ ላብ በተገነባው ይጠቀማል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ አባላት በጉባኤ ላይ ምን ይላሉ? «ማሽን አትግዙ፣ ትርፉን አሁኑኑ አከፋፍሉ።» ትክክል ናቸው እኮ! እነሱ ማሽኑን አያዩትም።

ሕግ ነክ

ልክ ነህ። ስለዚህ ሁሉም አይቆለፍም። የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ስፔን፣ ባስክ አገር፣ ሞንድራጎን በሚባለው የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡድን ላይ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አባል በስሙ የካፒታል ሒሳብ ይከፈትለታል። የዓመቱ ትርፍ ሦስት ቦታ ይሄዳል፦ ለጋራ መጠባበቂያ፣ ለትምህርትና ለማኅበረሰብ ሥራ፣ የቀረው ደግሞ በየአባሉ ስም። በስሙ የገባውን ወዲያው አያወጣውም። ማኅበሩ ውስጥ ሆኖ ይሠራለታል፣ ወለድ ያስገኝለታል፤ ጡረታ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። ሽማግሌውም ማሽኑን የሚቃወምበት ምክንያት ይቀንሳል።

ዳር ተመልካች

ሞንድራጎን ሞንድራጎን ትላላችሁ። ፋጎር በ2013 ሲከስር የት ነበራችሁ?

ሒሳብ መርማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋጎር የቤት ዕቃ አምራች ነበር፤ በ1956 የቡድኑ መነሻ የሆነው ማኅበር ወራሽ። ከ2008 በኋላ የስፔን የቤት ግንባታ ሲቆም ማቀዝቀዣና ማጠቢያ ማሽን ገዢ አጣ። ዕዳው ደግሞ ከባድ ነበር። ሌሎቹ ማኅበራት ለጊዜው ደገፉት። በመጨረሻ ግን ከዚህ በላይ አንችልም አሉ፣ ከሰረ። ለፋጎር ገንዘባቸውን ያበደሩ ብዙ ተራ ሰዎችም ተጎዱ። ይህ መሸፋፈን የለበትም።

አሁን ሌላውን ግማሽ ስማ። ከፋጎር አባላት አብዛኞቹ ሥራ አጥ ሆነው አልቀሩም። ከፊሉ ወደ ሌሎቹ የቡድኑ ማኅበራት ተዛወሩ፣ ከፊሉ ቀደም ብለው ጡረታ ወጡ። ይህ ሊሆን የቻለው ማኅበራቱ የራሳቸው ባንክ (በ1959 የተቋቋመው ካሃ ላቦራል) እና የራሳቸው የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ስለነበራቸው ነው። ከዚያም በፊት ትምህርት ቤት ነበራቸው። ቄስ ሆሴ ማሪያ አሪዝመንዲያሪዬታ የሙያ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በ1943 ነው፤ ከመጀመሪያው ፋብሪካ አሥራ ሦስት ዓመት ቀድመው። እኔ የሁልጊዜ ክርክሬ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ሌላ ቦታ መጀመሪያ ማኅበር ይመዘገባል፣ ሥልጠናው በጀት ከተገኘ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ትስስሩም ቢሆን በነፃ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ2022 መጨረሻ ኦሮናና ኡልማ የተባሉት ሁለት ትልልቅ ማኅበራት ድምፅ ሰጥተው ከቡድኑ ወጡ። ጠንካራው ሁልጊዜ «እኔ ለምን ለደካማው እከፍላለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ማለዳ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ሕግ፣ ስለ ፈንድ፣ ስለ ኦዲት ተወራ። አባሉ የት ሄደ?

የምርት ግብይት ማኅበር ውስጥ ሠርቻለሁ። የማኅበር ገዳይ ሁልጊዜ መንግሥትና ሌባ አይደለም። አባሉ ራሱ ነው። ነጋዴ መጥቶ ትንሽ ጨመር ሲያደርግለት ምርጥ ምርጡን ለነጋዴው፣ ያልተሸጠውንና የተበላሸውን ለማኅበሩ። ማኅበሩ ለገዢ ቃል የገባበትን መጠን ሳይሞላ ይቀራል። መኪናው ግማሹን ባዶ ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ «ትርፍ ድርሻችን የታለ?» ተብሎ ጉባኤ ላይ ይጮኻል።

የዴንማርክ ገበሬዎች በ1882 ዬዲንግ በምትባል ቦታ የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ ሲያቋቁሙ ውል ፈረሙ። ለተወሰኑ ዓመታት ወተታቸውን በሙሉ ለማኅበሩ ሊያስገቡ። ለቤቱ ከፍለው እንኳ አልነበረም፤ በብድር ነው ያሠሩት፣ ለብድሩም በጋራ ተጠያቂ ሆኑ። ድምፁ ግን አንድ ላም ያለውም ሃምሳ ያለውም እኩል። ትርፉ በወተቱ ልክ። እንዲህ ያለው ማኅበር በጥቂት ዓመታት አገሩን አዳረሰ። ግዴታው ከባድ ነበር፣ ግን ሁሉም ላይ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ሕንድ፣ ጉጃራት ነው። የካይራ ወተት አምራቾች ዩኒየን በ1946 ተቋቋመ። በኋላ ዩኒየኑን የመራው ቨርጊዝ ኩሪየን በ1949 ሲመጣ መሐንዲስ ነበር፣ ገበሬ አልነበረም። አሠራሩን ብታዩት ግን ከላይ ያለውን ክርክር ሁሉ ይዟል። የመንደር ማኅበር አለ፣ በላዩ የአውራጃ ዩኒየን፣ በላዩ የግዛት ፌዴሬሽን። መንደሩ ይሰበስባል፣ ዩኒየኑ ያቀነባብራል፣ ፌዴሬሽኑ ይሸጣል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። ሴትየዋ ጠዋት ወተቷን ይዛ ስትመጣ እሷው ፊት ይለካል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ ይጻፍላታል። ክፍያውም ሳይቆይ ይመጣል። የላም ሐኪምና መኖ በማኅበሩ በኩል ታገኛለች። በ1970 የተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ ይህንኑ አሠራር ነው ያባዛው።

ታማኝነት በስብከት አይመጣም። አባሉ ዛሬ የሰጠው ዛሬ በትክክል ሲለካለት ነው የሚመጣው። ነጋዴው የሚያሸንፈን እኮ በዋጋ ብቻ አይደለም፣ እጅ በእጅ ስለሚከፍል ነው።

እታለም

ማለዳ፣ እጅሽን/እጅህን ልሳም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለኮሚቴዬ አነብላቸዋለሁ።

ማለዳ

እጅሽን ነው እታለም 🙂

አዲስ አባል

ሕግ ነክ፣ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ቀለል አለልኝ፣ ግን የካፒታል ሒሳቡን ነገር ጉባኤ ላይ አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ሁላችሁም አባሉ ይምረጥ፣ አባሉ ይወስን ትላላችሁ። የምንመርጠው ሰው ሒሳብ የማያነብ ቢሆንስ? እኛ ዘንድ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ተከባሪ ሰው ነው።

ሒሳብ መርማሪ

አዲስ አባል፣ በዚህ ጥያቄ የወደቀ ትልቅ ባንክ አለ። የእንግሊዙ ኮኦፐሬቲቭ ባንክ በ2009 ብሪታኒያ የሚባለውን ማኅበር ጠቀለለ፤ ከነተበላሸ ብድሩ። በ2013 የ1.5 ቢሊዮን ፓውንድ የካፒታል ጉድለት ተገኘ። አብዛኛው ባለቤትነት ወደ ቦንድ ገዢዎችና ወደ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ሄደ። በ2014 ሎርድ ማይነርስ ባቀረቡት ሪፖርት የባንኩ ባለቤት የነበረው የኅብረት ሥራ ቡድን ቦርድ ለዚያ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት እንዳልነበረው በግልጽ ጻፉ። ቦርዱ በምርጫ የመጣ ነበር፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፣ ግን የሚቀርብላቸውን ወረቀት መሞገት አልቻሉም። (ባንኩ በ2025 መጀመሪያ ኮቨንትሪ በሚባል የቁጠባና ብድር ማኅበር ተገዝቶ ወደ አባላት ባለቤትነት ተመልሷል። ደስ የሚል መጨረሻ ነው፣ ግን በመሐል የባከነው ገንዘብ አልተመለሰም።)

እኔ የምመክረው ምርጫውን መተው አይደለም። እጩ ከመሆን በፊት ሥልጠና ግዴታ ይሁን። ሥልጠናውን የሚሰጠው ፌዴሬሽኑ ይሁን። የሀብትና የዕዳ መግለጫ አንብቦ ማስረዳት ያልቻለ ሰው በሥራ አመራር ኮሚቴ አይቀመጥ፤ ሽማግሌነቱ ሌላ ቦታ ይከበርለታል።

ዳር ተመልካች

እኔ ግን የሚገርመኝ አንድም ሰው ስለ ሞባይል መተግበሪያ አለማንሳቱ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን እስካሁን ሦስት ሰው «ዲጂታል ይሁን» ብሎ ነበር።

ጠርጣራው

ይሁን እንጂ። አባሉ ሒሳቡን በስልኩ ካየ ጥሩ ነው። የተሳሳተ መዝገብ ግን ስልክ ላይም የተሳሳተ ነው። እንለፈው።

ሒሳብ መርማሪ፣ አሁን በደንብ ልሞግትህ። ጀርመንና ጣሊያን መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ጀርመን ውስጥ አባልነቱን ግዴታ ያደረገው ሕግ ራሱ የወጣው በ1934 ነው፤ ያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበሩት ናዚዎች እንደሆኑ ታውቃለህ። ስለዚህ «ከታች የመጣ» እያልክ አታስውበው። ባዶ እጃቸውን ያሉ አሥር ትንንሽ ማኅበራት ነገ ጠዋት ምን ያድርጉ? ፌዴሬሽን ያቋቁሙ እንዳትለኝ። ፌዴሬሽን ማለት ብዙ ጊዜ ሊቀ መንበር፣ መኪናና ውሎ አበል ማለት ነው።

ሒሳብ መርማሪ

የ1934ቱን ነገር አልክደውም። የኦዲት ፌዴሬሽኖቹ ግን ከዚያ ብዙ ቀድመው ነበሩ፤ የ1889ኙ ሕግም የተጻፈው ማኅበራቱ ቀድመው የጀመሩትን አሠራር ተከትሎ ነው። ግዴታው በኋላ መጣ፣ ሥራው ቀድሞ ነበር።

ነገ ጠዋት ምን ይደረግ ላልከው፦ ፌዴሬሽን አላልኩም። ቢሮ አያስፈልግም፣ ሊቀ መንበርም አያስፈልግም። የውል ሰነድ ብቻ። አሥሩ ማኅበራት በየጉባኤያቸው ያጸድቁታል። ውሉ አንድ የጋራ ሒሳብ ያዥ ይቀጥራል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የውጭ መርማሪ። መዋጮው በሽያጭ ልክ። ከዚያ ውጭ ምንም ሥራ አይጨመርበትም፤ ቢያንስ መዝገባቸው ሁለት ዓመት ተከታትሎ በጊዜው እስኪዘጋ። ከዚያ በኋላ ትንሽ የጋራ ፈንድ ሊያስቡ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ያኔ የማን አቅም ምን እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አላቸው። ለባንክ ብድር ሲቀርቡም ያው ቁጥር ነው የሚናገርላቸው።

መንግሥትም ሥራ አለው። መርማሪ ከመሆን ይልቅ የመርማሪዎችን ብቃት ይመስክር። ገንዘብ መስጠት ከፈለገ ለማሠልጠኛው ይስጥ፣ ለማኅበሩ ካፒታል አይስጥ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2002 ያወጣው 193ኛው ምክረ ሐሳብም መንግሥት ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥርና የማኅበራቱን ነፃነት እንዲያከብር ነው የሚለው።

እታለም

ይህ ይገባኛል። በአካባቢያችን ካሉት ማኅበራት አራቱን ማናገር እችላለሁ፣ አሥር ባይሞላም።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሒሳብ ያዡ ጉድለት ቢያገኝ ለማን ይናገራል? ለሥራ አመራር ኮሚቴ ከሆነ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አውቀዋለሁ።

ሒሳብ መርማሪ

ለኮሚቴውም ለቁጥጥር ኮሚቴውም በአንድ ቀን ይጽፋል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ደብዳቤው በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲነበብ ውሉ ላይ ይግባ። ቀኑን እናንተው ወስኑ፣ ግን ይጻፍ።

ጠርጣራው

ሒሳብ ያዡን የሚያባርረውስ ማን ነው? እዚያ ላይ ነው ጨዋታው። ደብዳቤ የጻፈበት ሊቀ መንበር ሊያባርረው ከቻለ ሁለተኛ ደብዳቤ አይጽፍም።

ሒሳብ መርማሪ

አንድ ማኅበር ብቻውን ሊያባርረው አይችልም። እያንዳንዱ ማኅበር ከኮሚቴ ውጭ የሆነ አንድ አባል በጉባኤ ይወክላል፤ ቅጥሩም ስንብቱም የሚወሰነው በእነዚያ ተወካዮች አብላጫ ድምፅ ነው። ደብዳቤ የተጻፈበት ማኅበር ተወካይ በዚያ ስብሰባ ይናገራል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም። እታለም፣ አራቱ ማኅበራት እሺ ካሉሽ ረቂቁን አብረን እንጻፈው።